ሠላሳ ሰባት ዲግሪ

በ2094 ዓ.ም. ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ከሎጊያ ወጣ ብሎ ከመሬት በታች በተሠራው የእንቅልፍ ቤት አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰዎች እንደ ወትሮው ለሰባት ወር ተኙ።

ነገሩ ከተጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሐጋዩ፣ የቆላው የሐሩር ወቅት፣ እየረዘመ ሄዶ፣ ጥላ ሥር ሃምሳ ሰባት ዲግሪ መግባቱ ወሬ መሆኑ በቀረ ጊዜ፣ ለቆላው ሰው ሁለት ምርጫ ቀርቦለት ነበር፤ አገሩን ለቆ ደጋ መውጣት ወይም ሐጋዩን ተኝቶ ማሳለፍ። ደጋው ሞልቷል። ስለዚህ ሰዉ መተኛትን ለመደ። የካቲትና መጋቢት የማወፈሪያ ወራት ሆኑ። ቤተሰቡ ጠዋትና ማታ ቅቤና የግመል ወተት ይጠጣል፣ የማወፈሪያውን ክኒን ይውጣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስንት ኪሎ እንደጨመረ ነው። ክኒኑ የሴቶችን የወር አበባ ያስቀራል፤ በዚህ የሚያማርር የለም። ግመሎቹና ፍየሎቹ በመኪና ተጭነው ወደ ደጋ ይሄዳሉ። በመጨረሻው ሳምንት ትልቅ ትንሹ ፀጉሩን ይላጫል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ ሁለት ቀን ይጾማል። የተላጨው ፀጉር በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ዕቃ ቤት ይገባና፣ በኅዳር ፍራሽ ሠሪዎች መጥተው ይወስዱታል። ከዚያ ሰዉ በር ላይ ይሰለፋል። ሁሉም «ደህና እደሩ» ተባብሎ ይገባል። ያ አዳር የሚነጋው ኅዳር ላይ ነው።

ይመር አህመዴ የማይተኛ ሰው ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በጉልምስናው ዘመን ከመንደር መንደር እየዞረ ግመል የሚያክም የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። እንቅልፉ ሲጀመር እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ገብቶ፣ ሰውነቱ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጥ ያዘው። የማስተኛው መድኃኒት ቢጨመርለትም አላቆመም። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ጠባቂ ይደረጋል። ስለዚህ ይመር ሌላው ሲተኛ እየዞረ የተኚዎችን ሙቀት ማንበብ ሥራው ሆነ። በዚያ ዓመት አብራው የነበረችው ብርነሽ የምትባል ነርስ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀድሞ ሁለት ዓመት ማዋለጃ ክፍል ሠርታለች። እሷን መድኃኒቱ አይስማማትም። ሁለቱ ለሰባት ወር የሚኖሩት ከአዳራሹ መግቢያ አጠገብ ባለች ክፍል ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ መኪና የለም፤ አስፋልቱ ጎማ ያቀልጣል።

ተኚዎቹ በቀን አንድ አንድ ዲግሪ እየወረዱ በአሥራ አንደኛው ቀን ሃያ ስድስት ላይ ያርፋሉ። ልባቸው በደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ይመታል። የአዳራሹ አየር አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው። ይመር ጠዋት በአልጋዎቹ መሐል ሲያልፍ በየአልጋው ካለው ማሽን ንባብ ሌላ የየሰዉን ግንባር በመዳፉ ነካ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ ከግመል ሕክምና የቀረ ልማድ ነው። በአምስተኛው ቀን ሁሉም ሠላሳ ሁለት ላይ ነበሩ። አልጋ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ እጁን ከግንባሯ ላይ ሳያነሳ ቆየ። ማሽኑን አየ። ሠላሳ አራት ነጥብ አንድ ይላል።

ሴትየዋ ሙሚና ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ሁመድ ከቀጣዩ ረድፍ ተኝቷል፤ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ። የመጀመሪያ ዓመታቸው አይደለም፤ ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ተኝተዋል።

ይመር ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ የእጅ ቴርሞሜትር አምጥቶ ለካት። ያው ነው። ማሽኑ በራሱ መድኃኒት ጨመረላት። በማግስቱ ሠላሳ አምስት ተኩል ሆነች። የክንዷ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከንፈሯ ሳይላወስ፣ ዓይኗ ሳይገለጥ፣ ጭኖቿና ትከሻዋ ውስጥ ለውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። ይመር ብርነሽን ጠራት።

«እንደ እርስዎ የማይተኛ ሰውነት ይሆናላ ያላት» አለችው ብርነሽ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኝታለች እኮ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ትንሽ አሰበ። ከዚያ፣ «ሲስተር፣ ይቺ ሴት ያረገዘች ትመስለኛለች» አለ።

«የካቲት መጀመሪያ ላይ ተመርምራለች። የለም ነው የሚለው።»

«ከየካቲት ወዲህ ሁለት ወር አልፏል።» ይመር ቀጠለ። «ግመል ውኃ ሲጠማት ላቧን አታባክንም። ሰውነቷን ትለቀዋለች፤ ቀን አርባ አንድ ትገባለች፣ ሌሊት ሠላሳ አራት ትወርዳለች። ብዙ ለክቻለሁ። ያረገዘችዋ ግን እንደዚያ አትሆንም። ጥሙን ችላም ቢሆን ሙቀቷን ይዛ ትቆያለች። በአንድ ጠዋት መቶ ግመል ለክቼ እርጉዞቹን ከቴርሞሜትሩ ለይቼ አውቅ ነበር።»

ብርነሽ የተኚዎች ልብ የሚደመጥበትን መሣሪያ እየገፋች አመጣች። የሙሚናን ሸማ ገለጥ አድርጋ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አሳረፈችው። መጀመሪያ የተሰማው የእናቲቱ ልብ ነበር፤ አንዴ ይመታና ሰው ረስቶት እስኪቀር ዝም ይላል። ከዚያ ብርነሽ መሣሪያውን ወደ ታች ስትስበው ሌላ ድምፅ ገባ። ፈጣን ነው፤ ሳያርፍ ይሮጣል። ይመር ቆጠረ። እናቲቱ አንዴ እስክትመታ ያኛው አሥራ አምስት ጊዜ መታ።

ይመር ተነስቶ ወደ ስልኩ ሄደ።

ዶክተር ምንተስኖት ደሴ ከተማ ተቀምጦ አሥራ አራት የእንቅልፍ ቤቶችን የሚቆጣጠር ሐኪም ነው። ይመር ደውሎ ያዩትን ነገረው። ሐኪሙ አቋርጦ አልጠየቀም። ሲጨርስ፣ «አቶ ይመር፣ መመሪያው ግልጽ ነው» አለ። «በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ያልወረደ ተኚ መድኃኒቱ በእጅ እጥፍ ይደረግለታል።»

«እጥፍ ሲሆን ጽንሱስ?»

«አይተርፍም።»

«ብንቀሰቅሳትስ?»

«ሰባት ወሩ ሳይሞላ ከተቀሰቀሱት ከሦስት አንዱ ልቡ ይቆማል። ይህን እርስዎም ያውቃሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲሁ ብንተዋት ደግሞ፣ ሰውነቷ እሳቱን እያነደደ ስቡን ሐምሌ ላይ ይጨርሰዋል። ስቡ የተያዘው ለሃያ ስድስት ዲግሪ ነው። እናቲቱንም እናጣታለን። እኔ የምለው የሚያሳዝን ነው እንጂ ስህተት አይደለም።»

«የጠባቂዎች መጠባበቂያ ግሉኮስ አለን። በደም ሥር የሚሰጥ ምግብም አለ፤ ሁለታችንም ብንታመም ለሦስት ወር የሚበቃ ነው የሚባለው።»

«ለእናንተ ነው የተቀመጠው።»

«አልታመምንም» አለ ይመር።

ሐኪሙ ወረቀት ሲገልጥ ተሰማ። «ትእዛዙን ነግሬያችኋለሁ። አልተፈጸመም ብዬ እጽፋለሁ።»

«ይጻፉ።»

ስልኩ ሲዘጋ ብርነሽ ዕቃ ቤት ሄዳ ሁለት ከረጢት ግሉኮስ ይዛ መጣች።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ አረፉ። ሙሚና ሠላሳ ሰባት ላይ ነበረች። ነቃች ማለት አይደለም። ልቧ በደቂቃ አሥራ አንድ ጊዜ ነው የሚመታው፤ ትንፋሿ ሊቆም የደረሰ ይመስላል፤ ቢጠሯት አትሰማም። እንቅልፉ ይዟታል። ሙቀቷን ግን አልሰጠችውም። ከሠላሳ ሰባት በላይም አልሄደች፣ በታችም አልሄደች። ማሽኑ መድኃኒቱን በጨመረ ቁጥር እሷ ከውስጥ እሳቱን ትጨምራለች፤ መድኃኒቱ ሲቀንስ ትቀንሳለች። በመጨረሻ ይመር የማሽኑን መጨመሪያ ዘጋው፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ልክ ቀጠለ፣ ንባቡም እንደ ወትሮው ወደ ደሴ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የጠዋት ዙሩ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። አራት መቶ አሥራ ስድስት ግንባር እየነካ ሲመጣ መዳፉ ይቀዘቅዛል፤ የሰዉ ቆዳ እንደ እንስራ ሆድ ነው። ከዚያ እዚህች አልጋ ላይ ሲያሳርፈው ሙቀቱ ክንዱ ድረስ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሰው እንዲህ ያለ እሳት ይዞ እንደሚዞር፣ እሱ ራሱም አሁን ይህን እሳት ይዞ እንደቆመ ትዝ ይለዋል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይጠፋ፣ ማን እንደሚቆሰቁሰው ሳያውቅ። ለብርነሽ አልነገራትም። አንድ ቀን ግን እሷም ከምሳ በኋላ ብቻዋን መጥታ እጇን ሙሚና አንገት ላይ አሳርፋ ቆማ አያት።

ሰኔ አለፈ። ሆዷ ከሸማው በላይ ታየ። ሐምሌ ላይ ፊቷ መክሳት ጀመረ፤ የጉንጯ አጥንት ወጣ። ግሉኮሱን ጨመሩላት። በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ንባቡ ወረደ፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አንድ፣ በማግስቱ ሠላሳ አምስት ነጥብ አራት። መንቀጥቀጡ ተመለሰ፤ አሁን ግን ደካማ ነው፤ ትንሽ ይሄድና ያርፋል።

«ስቧ አልቋል» አለች ብርነሽ። «የምንሰጣት ለሆዷ እንጂ ለሙቀቱ አይደርስም።»

ይመር የሙሚናን ክንድ ወደ መብራቱ አዞረው። ስስ ፀጉሯ እንደገና ቆሟል። «ይህን የምታደርገው አየር ለመያዝ ነው» አለ። «ግመል ብትሆን፣ ፍየል ብትሆን፣ ፀጉሯን ታቆምና ሙቀቱ ከሥሩ ይቀርላት ነበር። እሷ ያላት ይህቺ ብቻ ናት። ታቆማታለች፤ ግን ምንም አትይዝላትም።»

«ብርድ ልብስ አናገኝም?»

ሁለቱም ጥያቄው ከንቱ መሆኑን ያውቃሉ። በሎጊያ ብርድ ልብስ ያየ ሰው ካለ ሽማግሌ ነው። ተኚዎቹ የለበሱት ሸማ ሙቀት እንዳይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። ይመር ግን ቀና አለና፣ «ዕቃ ቤት ያለው ፀጉርስ?» አለ።

ከረጢቶቹን አወጧቸው። የአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው ፀጉር ነው። የሽማግሌ ሽበት አለበት፣ የልጃገረድ ረጅም ጉንጉን አለበት፣ የሕፃናት እንደ ጥጥ የለሰለሰ አለበት። የሁመድም እዚያ ውስጥ አለ፣ የራሷም አለ፤ የማን የማን እንደሆነ መለየት ግን አይቻልም። ብርነሽ ሁለት አንሶላ ደርባ ከሦስት ወገን ሰፋቻቸው፤ ይመር ፀጉሩን እየፈለቀቀ አዳረሰው፤ ከዚያ እንዳይጠራቀም ላዩን በሰፊ ስፌት አስተኙት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሲያለብሷት ከአገጯ እስከ እግሯ ደረሰ።

በመጀመሪያው ሰዓት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው መንቀጥቀጡ ቆመ። ቀትር ላይ ሠላሳ ስድስት፣ አመሻሹ ላይ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። በማግስቱ ጠዋት ይመር ሲመጣ ሠላሳ ሰባት ነበር።

ዶክተር ምንተስኖት ንባቡን ደሴ ሆኖ ያየው ነበርና ራሱ ደወለ። «ምን አደረጋችሁ?»

«አለበስናት።»

«በምን?»

«በሰዉ ፀጉር።»

ሐኪሙ የጠባቂዎች መመሪያ በተኚ ላይ ልብስ መደረብን እንደሚከለክል ያውቃል። ሆኖም፣ «አትግፈፏት» ብሎ ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያሰልስ በየጠዋቱ እየደወለ አንድ ቁጥር ብቻ፣ በእጅ የተለካውን ሙቀቷን፣ ይጠይቃል።

ምጡ የመጣው ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ውጭ አሁንም ሃምሳ ዲግሪ ነበር። ይመር ሆዷ ሲጠጥርና ሲላላ አይቶ ብርነሽን ጠራት፤ ብርነሽም እጇን ታጥባ ሐኪሙን በስልክ አቆመችው። ሁለት ዓመት ስታዋልድ እንዲህ ያለ ምጥ አይታ አታውቅም። የሚጮህ የለም፤ የሚያምጥ የለም። ፊቷ እንደተኛ ሰው ፊት ሰላም ነው። ከሆዷ በታች ግን ሰውነቷ ማንም ሳያዘው ሥራውን ያውቃል፤ ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይጨብጣል። አራት ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። ልቧ ከአሥራ አንድ ወደ ሠላሳ ወጣ። ብርነሽ የምትረዳው ትንሽ ብቻ ነበር። በስተመጨረሻ የሕፃኗ ራስ ወጣ፤ ትከሻዋ ተከተለ። ሴት ናት። ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም።

ሕፃኗ ጮኸች። ያ ሁሉ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ አንድም ሰው ፊቱን አላዞረም።

ብርነሽ እትብቷን ቆርጣ፣ ጠራርጋ፣ የራሷን ሸሚዝ ከፍታ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። «ሠላሳ አምስት ነጥብ ሁለት ነች» አለች። «ቀዝቅዛለች። መንቀጥቀጥ አትችልም፤ ሕፃን አይንቀጠቀጥም። ትከሻዋ መሐል ያለችው ስብ ናት የምታሞቃት፤ እሷም ካልጠባች ታልቃለች።» ሕፃኗ አፏን ከፍታ የብርነሽን ደረት ታስስ ጀመር። «እኔ የምሰጣት የለኝም፣ ጋሽ ይመር።»

የሕፃን ወተት በእንቅልፍ ቤት አይቀመጥም። ግሉኮሱ ለአንድ ቀን ሊያቆያት ይችላል። የደጋው መንገድ እስኪከፈት ግን ሃያ አራት ቀን ቀርቷል።

ይመር የእናቲቱን ንባብ አየ። ሠላሳ ስድስት። ትንሽ ቆይቶ ሠላሳ አምስት። ብርድ ልብሱን አጠበቀላት። ሠላሳ ሦስት ተኩል። ልቧ ከሠላሳ ወደ አሥራ አምስት፣ ከዚያ ወደ ዘጠኝ ወረደ።

«ምን ሆነች?» አለ ወደ ስልኩ።

«የቆየችው ለጽንሱ ነበር» አለ ዶክተር ምንተስኖት። ድምፁ ደክሟል። «ጽንሱ ወጣ። አሁን እንቅልፉ እየወሰዳት ነው። ወደ ሃያ ስድስት ትወርዳለች። እሷስ ትተርፋለች፤ በዚህ አትስጉ። ወተት ግን በሃያ ስድስት ዲግሪ የሚኖር አይመስለኝም።»

«ትሞክር» አለች ብርነሽ።

«ቀዝቃዛ አካል ላይ ካስተኛችኋት ያለቻትንም ሙቀት ትወስድባታለች።»

ብርነሽ ይመርን አየችው። ይመር የሙሚናን ደረት በመዳፉ ነካ። እየበረደ ነው። ከዚያ ብርድ ልብሱን እስከ ወገቧ ገለጠው። «አስቀምጫት» አለ።

ብርነሽ ሕፃኗን በእናቷ ሆድ ላይ አሳረፈቻት፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ሕፃኗ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ እግሮቿን ሰብስባ ገፋች። ጭንቅላቷ ለአንገቷ ይከብዳታል፤ ታነሳዋለች፣ ይወድቅባታል፣ እንደገና ታነሳዋለች። ዓይኗ የሚያይ አይመስልም። አፍንጫዋ ግን አንድ ነገር ይዟል፤ ወደ ግራ ሄዳ ቆመችና ተመልሳ ወደ ቀኝ አቀናች። ይመር ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ ብርነሽ ያዘችው። ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደባት። ስትደርስ አፏ ራሱ ተከፍቶ ጡቱን ያዘ።

ጠባች፤ ጉሮሮዋ ግን አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ሳበች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ አለ። በከንፈሯ ጥግ ቢጫ፣ ወፈር ያለ ጠብታ ወጣ። እንገር ነበር።

«ጋሽ ይመር» አለች ብርነሽ ቀስ ብላ፣ «ደረቷን ይንኩ።»

ይመር ነካ። የእጁ ስሜት እንዳላታለለው ለማረጋገጥ ቴርሞሜትሩን አመጣ። የሙሚናን እግር ለካ፤ ሃያ ዘጠኝ። እጇን ለካ፤ ሃያ ዘጠኝ። ግንባሯ ሠላሳ። ከዚያ ሕፃኗ የተኛችበትን በጡቶቿ መሐል ያለውን ቦታ ለካ። ቁጥሩን አነበበና ለስልኩ ተናገረ።

«ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት።»

«የትኛው?» አለ ሐኪሙ።

«ደረቷ። እግሯና እጇ ይወርዳሉ። ደረቷ ግን ይወጣል።»

«እባክዎ ደግመው ይለኩልኝ።»

ይመር ደገመው። ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲለካ ለመነው። ሦስተኛውም ያው ነበር። 

ሕፃኗ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሰባት ተኩል ደረሰች። ያን ጊዜ የእናቲቱ ደረት ቀዝቀዝ አለ፤ ሠላሳ ስድስት ተኩል ሆነ። ብርነሽ ጨርቅ ልትቀይርላት አንስታ ስትመልሳት ሕፃኗ በርዷት ነበር፤ ደረቱ እንደገና ተነሳ። ይመር በወንበር ተቀምጦ ይህን ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ አየ። ሴትየዋ እንደሆነ አታውቅም። ስሟን ብትጠራ አትሰማም፤ የምታስበው የለም፤ ልጅ እንዳላት እንኳ ማንም አልነገራትም። በዚህ ሁሉ እንቅልፍ መሐል አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ነቅታ ልጅ ትጠብቃለች። «ሱብሃነላህ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም በደንብ አልተሰማውም። ወጣትነቱን ሙሉ ግመሎቹን፣ ፍየሎቹን፣ ውሻዋን ሳይቀር ሲያጠቡ አይቷል። አንድም ቀን ወንበር ስቦ ተቀምጦ አላየም።

ሃያ አራቱን ቀን እንዲህ ኖሩ። ሕፃኗ በቀን አሥር ጊዜ ትጠባለች፤ ብርነሽ ታጥባታለች፤ ይመር ጨርቅ ያጥባል፤ ስታለቅስ ይዟት በአልጋዎቹ መሐል ይዞራል። በተኚዎቹ ፊት ሲያልፍ በጸጥታ ታያቸዋለች። ስም አላወጡላትም፤ የእነሱ ሥራ አይደለም።

ኅዳር አሥራ አምስት ቀን የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ከደጋ ወረዱ። ዶክተር ምንተስኖት አብሮ መጣ። ይመር በድምፁ ሲገምተው ሽማግሌ ነበር፤ የመጣው ግን ገና አርባ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው። ሰላምታ እንደተለዋወጡ የመጀመሪያ ጥያቄው አልጋው የት እንደሆነ ነበር። ደርሶ ቆመ። እጁን ሊዘረጋ ፈለገና ይመርን በዓይኑ ጠየቀው፤ ይመር ራሱን ሲነቀንቅ መዳፉን የሙሚና ደረት ላይ አሳረፈው። ረጅም ጊዜ አላነሳውም። በኋላ ሪፖርቱን አሳያቸው። «ትእዛዙ አልተፈጸመም» የሚለው ሚያዝያ ላይ እንደተጻፈ አልተሰረዘም። ከሥሩ «ሕፃኗ ዛሬ ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ» የሚል ታክሎበታል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መድኃኒቱ ለሁሉም ቆመ።

መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ከዚያ ከአንድ ጥግ የአንድ አልጋ ብረት ይንጫጫል። ሌላው ይከተለዋል። ሁሉም ሰውነት ከሃያ ስድስት ወደ ሠላሳ ሰባት የሚወጣው በራሱ መንገድ ነው፤ ማሽን አያሞቀውም፣ ፀሐይ አይነካውም፤ እየተንቀጠቀጠ ራሱን ያሞቃል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሺው ሰው አንድ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አዳራሹ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የክረምት ዝናብ የወረደበት መሰለ። ይመር ይህን አሥራ ሰባት ጊዜ ሰምቶታል። አንዳንዴ ጆሮውን በጥጥ ይደፍን ነበር። አሁን መሐሉ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ሽማግሌው ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ባልና ሚስቱ ይንቀጠቀጣሉ። አየሩ ሲሞቅ በጉንጩ ታወቀው። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ እሳት ተነሳ፤ በሰባት ወር ውስጥ ያልጠፋ፣ ተዳፍኖ የቆየ። ቀትር ሲሆን ግንባሮች ላይ የመጀመሪያው ላብ ወጣ፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ሞልቶ መትረፉን አወቀ።

ሙሚና ዓይኗን የገለጠችው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዓይኗ በፊት እጇ ተነሳ፤ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ የሕፃኗ ጀርባ ላይ አረፈ። ከዚያ ነው ያየቻት። የሆነ ሰው ልጁን በስህተት እሷ ላይ ያስተኛ መስሏት ወደ ጎን ተመለከተች። ይመርና ብርነሽ አጠገቧ ቆመዋል።

«የማን ናት?» አለች። ድምጿ ሸካራ ነበር።

«ያንቺ ናት፣ ልጄ» አላት ይመር። «ስትተኚ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። አላወቅሽም። እኛም አላወቅንም ነበር። ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ወለድሻት።»

ሙሚና ሆዷን ዳበሰች። ከቀጣዩ ረድፍ ሁመድ ገና ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው፤ ዶክተር ምንተስኖት ደግፎት ሊያመጣው ወደ እሱ ሄዷል። እሷ ሕፃኗን ደጋግማ አየቻት፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ አንገቷ ላይ መታጠፊያ ወጥቷል።

«ጠግባለች» አለች። «ማን አጠባት?»

«አንቺ ነሽ» አለቻት ብርነሽ።

«እኔ እኮ ተኝቼ ነበር።»

«አዎ» አለ ይመር። «ተኝተሽ ነበር።»

ሙሚና ሌላ አልጠየቀችም። ሰውነቷ ገና ስለሚንቀጠቀጥ ሕፃኗ ደረቷ ላይ አብራ ትወዛወዛለች፤ በዚህም አልተቀሰቀሰችም። ቆይታ ነቃች፤ አፏን ከፍታ ዞረች። እናቷ ወደ ጡቷ አስጠግታት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ አጠባቻት።